አሥራ ሁለት ሰዓት ከየት መጣ? የቤት ውስጥ ካናቢስ የመብራት ሰዓት ታሪክ

ባለፈው ዓመት በአሜሪካ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ከሚኖር አንድ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይህ ባልደረባችን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሲሆን፣ በሕግ ፈቃድ ለተሰጠው የካናቢስ ማምረቻ ሕንፃ የመብራቱንና የማቀዝቀዣውን ንድፍ እንዲያወጣ ሥራ ተሰጥቶታል። ጥያቄው አጭር ነበረ። «ባለቤቶቹ ተክሉ ቅጠል እንዲያበዛ በቀን 18 ሰዓት፣ እንዲያብብ ደግሞ 12 ሰዓት ይብራ ይሉኛል። ስለምን 12 ሆነ? ስለምን 11 ወይም 14 አልሆነም? ብዬ ብጠይቅ፣ ድሮም እንዲህ ነው የሚሠራው ከማለት በቀር መልስ የሚሰጠኝ አጣሁ። አንተ በአበባ እርሻ ሠርተሃልና የምታውቀውን ጻፍልኝ» የሚል ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ጋር የተያያዘ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ የዚህ ደብዳቤ መልስ ገና ሳይታሸግ በጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ስለዚህ መልሱን ጥቂት አስፍቼ ለአባላት ለማቅረብ ወደድሁ። ተክሉ በአገራችን ሕግ የተከለከለ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ይህም ጽሑፍ ስለ ዕፁ መልካምነትና ክፋት የሚከራከር አይደለም። ነገር ግን በኮሎራዶ ሽያጩ ከ2014 ጀምሮ፣ በመላ ካናዳም ከ2018 ጀምሮ ስለተፈቀደ፣ በእነዚያ አገሮች ለሚሠራ መሐንዲስ የሚቀርብለት ጥያቄ የመብራት፣ የሙቀትና የሒሳብ ጥያቄ ሆኖአል። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ዕፀዋት የቀንንና የሌሊትን ርዝመት የሚቆጥሩ መሆናቸው በመጀመሪያ ከተስተዋለባቸው ተክሎች አንዱ ይኸው ካናቢስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በፓሪስ ነው። ዡልየን ቱርኗ የተባለ ወጣት የዕፀዋት ተመራማሪ ከ1910 ጥቂት ዓመታት በኋላ የሆፕን ተባዕትና እንስት አበቦች ያጠና ነበር። ሆፕ ለእኛ ጠላና ጠጅ ጌሾ የሚሰጠውን አገልግሎት ለቢራ የሚሰጥ ሐረግ ሲሆን፣ ከካናቢስ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ቱርኗ የሆፕንና ለቃጫ የሚዘራውን የካናቢስ ዝርያ ዘር በክረምት ወራት በመስተዋት ቤት ውስጥ ሲዘራ አንድ ያልጠበቀው ነገር አየ። በፀደይ ተዘርተው እስከ በጋ መጨረሻ ድረስ የሚያድጉት ተክሎች፣ በክረምት ሲዘሩ ገና ጥቂት ቅጠል እንዳወጡ በጨቅላነታቸው አበቡ።

ማንኛውም ጥንቁቅ ሰው እንደሚያደርገው፣ ቱርኗም ምክንያቱን በሙቀት፣ በርጥበትና በአፈር ምግብ ፈለገ፤ አላገኘውም። በመጨረሻ ተክሎቹን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ብርሃን እንዲያገኙ አድርጎ በቀረው ጊዜ ሸፈናቸው። ፈጥነው አበቡ። እስከ 1914 ባወጣቸው ጽሑፎች የደረሰበት ድምዳሜ በጊዜው ማንም ያልጠበቀው ነበረ፤ ይኸውም እነዚህን ተክሎች ወደ አበባ የሚያደርሳቸው የቀኑ ማጠር ከሚሆን ይልቅ የሌሊቱ መርዘም ነው የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ቱርኗም በዚሁ ጦርነት ሞተ። ሥራውን የሚቀጥልለት ሰው ስላልነበረ፣ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሃያ አራት ዓመት ያህል ሳይነሣ ቆየ።

በዚያው ዘመን በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ጌኦርግ ክሌብስ የተባለ ሊቅ በተቃራኒው መንገድ ወደዚያው በር ደርሶ ነበር። ክሌብስ በበጋ ብቻ የሚያብብ አንድ ትንሽ የአለት ተክል በክረምት ወስዶ ለጥቂት ቀናት ሌት ተቀን በኤሌክትሪክ መብራት ሥር አኖረው፤ ተክሉም በክረምት አበበ። ክሌብስ በ1913 ሲጽፍ፣ ብርሃን በዚህ ሥራ የምግብ ተግባር ሳይሆን የቀስቃሽነት ተግባር ሳይኖረው አይቀርም አለ። ለእኛ ለመሐንዲሶች ይህ አባባል እጅግ ጠቃሚ ነው። በእኛ ቋንቋ ሲነገር፣ በአንዱ ሽቦ ኃይል፣ በሌላው ሽቦ ደግሞ መልእክት ይሄዳል ማለት ነው። በአንድ የመቆጣጠሪያ ፓኔል ውስጥ ሁለቱን አሳስቶ ያገናኘ ሰው ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን።

ግኝቱ በስም የታወቀው ግን በአሜሪካ ነው። በ1906 ገደማ በሜሪላንድ የትምባሆ እርሻዎች ውስጥ «ሜሪላንድ ማሞዝ» የተባለ ግዙፍ ትምባሆ ተገኘ። ቁመቱ ከሦስት ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ቅጠሉ ይበዛል፤ ነገር ግን በረዶ እስኪመታው ድረስ አያብብምና ዘር አይገኝበትም። ጉቶውን አንሥተው በክረምት በመስተዋት ቤት ሲተክሉት ግን ያብባል። የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች የነበሩት ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ሲደክሙ ቆይተው፣ በጁላይ 1918 በአርሊንግተን እርሻ ውስጥ አንዲት ብርሃን የማታስገባ ጎጆ ሠሩ። ዛሬ ፔንታጎን የተባለው ሕንፃ ያለው በዚያው እርሻ መሬት አጠገብ ነው። የትምባሆውን ሳጥኖችና የአኩሪ አተሩን እንስራ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ ጎጆዋ ያስገቡና በማግሥቱ ጠዋት በ3 ሰዓት ያወጧቸዋል። ማሞዙ በበጋ እኩሌታ አበበ። እንግዲህ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች በየቀኑ ሳጥን እየተሸከሙ በመግባትና በመውጣት ያገኙት እውነት ነው። ዛሬ ይህን የሚሠራልን በጥቂት ብር የሚገዛ ታይመር መሆኑን ሳስብ፣ እነዚያ ሁለት ሰዎች ራሳቸው ታይመር ሆነው ማገልገላቸው ያስገርመኛል።

ጋርነርና አላርድ ውጤታቸውን በ1920 አሳተሙ፤ ለነገሩም ፎቶፔሪዮዲዝም የሚል ስም አወጡለት። ተክሎችንም የአጭር ቀን፣ የረጅም ቀን፣ እንዲሁም ቀን የማይቆጥሩ ብለው ከፈሉ። በዚህ አከፋፈል ካናቢስ የአጭር ቀን ተክል ነው። ስሙ ግን ከጅምሩ የተሳሳተ አቅጣጫ ያዘ። «ፎቶ» የሚለው ቃል ብርሃንን የሚያመለክት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የተማረ ሁሉ የሚለካው ነገር የመብራቱ ሰዓት እንደሆነ አድርጎ ያዘው።

ይህን ያቃኑት በ1938 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ካርል ሃምነርና ጄምስ ቦነር ናቸው። የተጠቀሙበት ተክል ፍሬው በልብስና በከብት ጠጉር ላይ የሚጣበቅ ዛንቲየም የተባለ አረም ነበረ። ቀኑን በመካከሉ በጨለማ ቢያቋርጡት ተክሉ ምንም አልመሰለውም። ረጅሙን ሌሊት በመካከሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል በብርሃን ሲያቋርጡት ግን አበባው ቀረ። ተክሉ የሚቆጥረው ሳይቋረጥ የሚቆይ ጨለማን እንጂ ብርሃንን አልነበረም። ቱርኗ በካናቢስ አይቶ የጻፈው ዓረፍተ ነገር፣ እርሱ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ አረም አማካይነት ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ ከራሴ የሥራ ዘመን አንድ ነገር ባነሣ አንባቢ ይቅር እንደሚለኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ የአበባ እርሻ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር ተከላ ላይ እሠራ ነበር። እርሻው ወደ ውጭ አገር የሚልከው ለመትከል የሚሆን የክሪዛንተም ቁራጭ ነው። ክሪዛንተም እንደ ካናቢስ የአጭር ቀን ተክል ነው። በአዲስ አበባ ኬክሮስ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል፣ አጭሩም 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ እናት ተክሉ ለተፈጥሮ ከተተወ ዓመቱን ሙሉ እምቡጥ ማውጣት ይፈልጋል፤ እምቡጥ የያዘ ቁራጭ ደግሞ ገዢ የለውም። ስለዚህ በየሌሊቱ ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት በአልጋዎቹ ላይ አምፖሎች ይበራሉ፤ ሌሊቱንም ለሁለት ይከፍሉታል።

እኔም የጭነቱን ዝርዝር ባወጣሁ ጊዜ ቀዝቃዛ ክፍሉን በመጀመሪያ፣ የውኃ ፓምፖቹን በሁለተኛ፣ ቢሮውን በሦስተኛ ደረጃ አድርጌ፣ የሌሊቶቹን አምፖሎች በመጨረሻ አስቀመጥኋቸው። ኃይል ሲጠፋ አስቀድመው የሚቆረጡት እነርሱ እንዲሆኑ ማለት ነው። ምክንያቴ የተጣራ ይመስለኝ ነበር። የአምፖሎቹ ብርሃን ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ተክሉ ለጥቂት ሌሊት ቢያጣው ምን ይጎድልበታል? በዚያ ወር የኃይል መቋረጥ ተደጋገመ። ጄኔሬተሩ እንደ ታቀደው ተነሣ፤ ቀዝቃዛ ክፍሉም እንደ ታቀደው ቀዘቀዘ። ከሳምንታት በኋላ ግን ቁራጮቹ ጫፋቸው ላይ እምቡጥ ይዘው ተገኙ፤ ጭነቱም ሳይላክ ቀረ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ የእርሻው ባለሙያ እጄን ይዘው ወደ ፓኔሉ ወሰዱኝና፣ «ልጄ፣ ይህ መብራት ለተክሉ ምግብ መስሎህ ነው? ምግቡንማ ቀን ሲበላ ውሏል። ይህ ወሬ ነው፤ ገና አልመሸም የሚል ወሬ። ወሬውን ያቋረጥኸው አንተ ነህ» አሉኝ። ስለ ክሌብስም ስለ ሃምነርም ያነበብሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ወሬውን የሚሰማው የተክሉ ጆሮ ምን እንደሆነ የታወቀው በዋሽንግተን አጠገብ በቤልትስቪል የምርምር ጣቢያ ነው። ሃሪ ቦርትዊክ፣ ስተርሊንግ ሄንድሪክስና ማሪየን ፓርከር በካርቦን አርክ መብራትና በትልልቅ ፕሪዝሞች ብርሃንን በቀለም ከፋፍለው ሌሊቱን በየትኛው ቀለም ማቋረጥ እንደሚቻል መረመሩ። ከሁሉ የበረታው በ660 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ቀይ ብርሃን ሆነ። በ1952 በሰላጣ ዘር ላይ በተደረገ ሙከራ ደግሞ ቀዩ ያደረገውን በ730 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሩቅ ቀይ እንደሚሽረው፣ ሩቅ ቀዩ የሻረውንም ቀዩ እንደገና እንደሚመልሰው ታየ። ውጤቱን የሚወስነው በመጨረሻ የበራው ነው። የኤሌክትሪክ ሰው ይህን ሲሰማ ሁለት መንገድ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ ይታየዋል። በ1959 ይኸው ቀለም በመሣሪያ ተለካ፤ ስሙም ፋይቶክሮም ተባለ። ይኸው የቤልትስቪል ቡድን በ1950ዎቹ ቡናንም መርምሮ፣ ቡና የአጭር ቀን ተክል መሆኑን አሳይቶአል። ስለዚህ ሰሌዳውን ለባዕድ ተክል ብቻ እንደሚያስፈልግ አድርገን ባናየው ይሻላል።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ እንመለስ። ከላይ ከተጠቀሱት ሊቃውንት ማንም «ለካናቢስ 12 ሰዓት ስጡት» አላለም። ታዲያ ቁጥሩ ከየት መጣ?

በአሜሪካ ተክሉ ከ1937 ጀምሮ በግብር ሕግ ታፍኖ ከቆየ በኋላ በ1970 በወጣው ሕግ ፈጽሞ ተከለከለ። በ1983 ደግሞ በካሊፎርኒያ ኮረብታዎች ላይ በሄሊኮፕተር እየተፈለገ መነቀል ጀመረ። አብቃዮችም ከሜዳ ወደ ምድር ቤት ገቡ። ለመንገድ መብራት የተሠራውን ከፍተኛ ግፊት ያለውን የሶዲየም መብራት ወደ ቤታቸው አስገቡት። በምድር ቤት ፀሐይ ስለሌለ ወቅቱን የሚወስነው አብቃዩ ነው። ዘሩ ግን ከአፍጋኒስታን፣ ከሜክሲኮ፣ ከታይላንድና ከሌሎችም አገሮች እየመጣ የተዳቀለ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ዝርያ ለማበብ የሚፈልገው የሌሊት ርዝመት የተለያየ ነበረ። ከሰሜን ኬክሮስ የመጣው ቀኑ ገና 14 ሰዓት ሳለ ሊያብብ ይችላል፤ ከምድር ወገብ አካባቢ የመጣው ግን በትውልድ አገሩ ከ12 ሰዓት ብዙ የሚበልጥ ቀን ስለማያውቅ ይበልጥ ረጅም ሌሊት ይጠብቃል። ቤተ ሙከራ የሌለው፣ ሥራውን በምስጢር የሚሠራ፣ በአንድ ክፍል ብዙ ዓይነት ተክል የሚያበቅል ሰው ሁሉንም ያለ ጥርጥር የሚያሳብብ አንድ ቁጥር ያስፈልገዋል። እርሱም 12 ነው። 12 እንግዲህ የምርጡ ሰዓት መለኪያ አልነበረም፤ እኛ የደኅንነት ኅዳግ የምንለው ዓይነት ነው። የብረቱ ጥንካሬ በትክክል የማይታወቅ እንደሆነ ምሰሶውን አወፍረን እንደምንነድፈው ሁሉ፣ እነርሱም ተክሉን ስላላወቁት ሌሊቱን አረዘሙት።

የ18 ሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። 6 ሰዓት ጨለማ በየትኛውም ዝርያ ዘንድ እንደ ረጅም ሌሊት አይቆጠርምና ተክሉ ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል። 24 ሰዓት ቢያበሩትም አያብብም፤ የሚጨምረው የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ነው። ከዚህ ደንብ የሚወጣ አንድ ወገን አለ። በ1924 ያኒሼቭስኪ የተባለ የሩሲያ የዕፀዋት ሊቅ በቮልጋ አካባቢ የሚበቅል ትንሽ የዱር ካናቢስ ለይቶ ገልጾ ነበር። ይህ ዓይነቱ በዕድሜው እንጂ በሌሊቱ ርዝመት አያብብም። ከእርሱ ጋር የተዳቀሉት ዝርያዎች ታይመር አያስፈልጋቸውም፤ ለእነርሱ መብራት ምግብ ብቻ ነው።

ተክሉ ሕጋዊ በሆነባቸው አገሮች ያንን የምድር ቤት ቁጥር ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሳይመረምሩ ወረሱት። የወረሱት ነገር ቀላል አልነበረም። ኢቫን ሚልስ የተባለ የኃይል ተመራማሪ በ2012 ባሳተመው ጥናት፣ በአሜሪካ በቤት ውስጥ የሚመረተው ካናቢስ ከአገሪቱ ጠቅላላ የኤሌክትሪክ ፍጆታ አንድ በመቶ ያህሉን እንደሚወስድ ገምቶአል። በ2021 የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት ደግሞ፣ አንድ ኪሎ ግራም የደረቀ አበባ ለማግኘት እንደ ቦታው አየር ጠባይ ከ2283 እስከ 5184 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመዝን ጋዝ ወደ አየር ይወጣል። በዚህ መጠን የሚበላ ሥራ በወግ ብቻ ሲመራ ማየት ለመሐንዲስ ዓይን ደስ አያሰኝም።

ምርመራው የመጣው ዘግይቶ ነው። በካናዳ የጌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ልዩ ልዩ ዝርያዎችን ከ12 ሰዓት በሚበልጥ ቀን አብቅለው፣ ከ12 ሰዓት በላይም በደንብ የሚያብቡ እንዳሉ አሳዩ። በ2024 ደግሞ ሁለት ዝርያዎች መርጠው ግማሾቹን በ12፣ ግማሾቹን በ13 ሰዓት አኖሩ። የመብራቱ ኃይል ለሁለቱም ወገን አንድ ሲሆን፣ በካሬ ሜትር በሴኮንድ 540 ማይክሮሞል ነበረ። ይህ በቀን ሲደመር በ12 ሰዓት 23 ሞል፣ በ13 ሰዓት 25 ሞል ያህል ይሆናል፤ ልዩነቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። የአበባው ምርት ግን በአንደኛው ዝርያ በ35 በመቶ፣ በሁለተኛው በ50 በመቶ በለጠ።

ይህን ውጤት ባነበብሁ ጊዜ የጋሼ ንግግር ትዝ አለኝ። ብርሃን ምግብ ብቻ ቢሆን፣ 8 በመቶ የጨመረ ምግብ ይህን ያህል ፍሬ ባልሰጠ ነበር። የተጨመረው ሰዓት ለተክሉ የነገረው ሌላ ነገር አለ፤ «ክረምቱ ገና ነው፤ አትቸኩል» የሚል ዓይነት። ይህ የእኔ ግምት ነው። በሁለት ዝርያ የታየውን ለሁሉ ማልበስም አይገባም፤ ከምድር ወገብ አካባቢ የመጣ ዝርያ በ13 ሰዓት ሊያመነታ ይችላል።

እንግዲህ ለወዳጄ «13 አድርገው» ብዬ ደብዳቤውን ላሽግ ነበር። ነገር ግን የላከልኝን ንድፍ ደግሜ ስመለከት፣ ፋብሪካዎች ከ12 የማይላቀቁበትን ሌላ ምክንያት አገኘሁ። ይህ ምክንያት ከዕፀዋት ሳይንስ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የእኛው የሙያ ጉዳይ ነው። ሕንፃው ሁለት እኩል የማበቢያ ክፍሎች አሉት። በአንዱ ቀን ሲሆን በሌላው ሌሊት ይሆናል። በየክፍሉ 50 ኪሎ ዋት መብራት ቢኖር፣ 12 ለ12 ሲካፈሉ ከመሥመሩ የሚወጣው ኃይል ሌት ተቀን 50 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። ትራንስፎርመሩም ማቀዝቀዣውም የሚመረጠው ለአንድ ክፍል በሚበቃ ልክ ነው። ወደ 13 ሰዓት ቢሄዱ ግን ሁለቱ ክፍሎች በቀን 26 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ቀኑ ደግሞ 24 ሰዓት ነው። ስለዚህ በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ሁለቱም አብረው ይበራሉ፤ ጭነቱም 100 ኪሎ ዋት ይደርሳል። ፍጆታው የሚጨምረው 8 በመቶ ሲሆን ከፍተኛው ጭነት በእጥፍ ያድጋል፤ የኃይል አቅራቢው ድርጅትም በከፍተኛው ጭነት ልክ ያስከፍላል። ለአንዲት ሰዓት ተብሎ ትራንስፎርመር የሚለውጥ ባለቤት የለም።

ሁለት ምሽት ከተቀመጥሁ በኋላ መፍትሔው ያው የቆየው ትምህርት ሆኖ አገኘሁት። ምግቡንና ወሬውን መለየት ነው። ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙባቸውን ሰዓታት በወረቀት ላይ ስስላቸው፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የቀኑ የመጀመሪያ ሰዓትና የመጨረሻ ሰዓት ሆነው ይወድቃሉ። በእነዚህ ሁለት ሰዓታት በሁለቱም ክፍሎች መብራቱን ወደ ግማሽ ብናወርደው፣ ጭነቱ ከ50 ኪሎ ዋት አያልፍም። ለእያንዳንዱ ክፍልም 11 ሰዓት ሙሉ መብራትና 2 ሰዓት ግማሽ መብራት ይሆናል፤ ድምሩ የ12 ሰዓት ሙሉ መብራት ነው። ተክሉ የሚበላው ከዱሮው አይበልጥም፤ የሚሰማው ቀን ግን 13 ሰዓት ነው፤ ሌሊቱም 11። ዛሬ ያሉት የኤልኢዲ መብራቶች በቀላሉ ከፍና ዝቅ ስለሚሉ አዲስ ሽቦ አያስፈልግም። ፀሐይም ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ የአዲስነት ውዳሴ የሚገባው እንግዲህ ለእኔ አይደለም።

ይህ ዘዴ የጌልፎቹን ብልጫ ይሰጥ እንደሆነ የሚያውቀው ሙከራ ብቻ ነው። ብልጫው የመጣው ከተጨመረው ምግብ ከሆነ አይገኝም፤ ከተጨመረው ወሬ ከሆነ ይገኛል። ለወዳጄ የጻፍሁለት በመጀመሪያ በሁለት ትንንሽ ክፍሎች፣ ዝርያ በዝርያ እንዲሞክረው ነው። ከዚህም ጋር የእኔን ስሕተት ሳልሸሽግ ነገርሁት፤ የታይመሩንና የመቆጣጠሪያውን መሥመር በመጠባበቂያ ባትሪ ላይ እንዲያደርግ፣ በሌሊቱ ክፍል ውስጥም የምትበራ ነገር እንዳትኖር አንድ በአንድ እንዲመለከት አሳሰብሁት።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። የሙከራ ክፍሎቹን ባለቤቶቹ ፈቅደውለታል። በመጀመሪያው ሌሊት መብራቱን አጥፍቶ በጨለማው ክፍል መካከል ቆሞ ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ጠበቀ። በማቀዝቀዣው ፊት ላይ ሁለት ትንንሽ ጠቋሚ መብራቶች አገኘና በጥቁር ፕላስተር ሸፈናቸው። ከበሩ በላይ ያለው የመውጫ ምልክት ግን ቀይ ሆኖ ይበራ ነበር። እርሱን ማጥፋት የእሳት አደጋ ደንብ ስለሚከለክል፣ በሕግ ከተፈቀዱት ሁለት ቀለሞች አረንጓዴውን አዝዞ አስለወጠው። «ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቀለም መርጬ መስሎት ሳቀብኝ» ይላል ደብዳቤው።